ምዕራፍ ሰባት፦ አክተር አይሞትም

በሀዋሳ ቪዲዮ ቤት እየገባ ያደገ ሰው የህንድን ፊልም ሕግ ሙምባይ ከተወለደ ሰው ባልተናነሰ ያውቀዋል። ከታቦር ተራራ ግርጌ ባሉት ሰፈሮችም ሆነ በሐይቁ በኩል፣ ቪዲዮ ቤት ማለት መስኮቱ በጨርቅ የተጋረደ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ የላብና የኦቾሎኒ ሽታ የማይለቀው ክፍል ነበር። የዕለቱ ፊልሞች በእጅ ተጽፈው በሩ ላይ ይለጠፋሉ። ርዕስ ብዙም ዋጋ የለውም፤ የሚጠየቀው «አክተሩ ማነው?» ነው። የአሚታብ ነው ከተባለ ሳንቲሙ ይወጣል፣ የሚቱን ነው ከተባለም እንዲሁ። የገባው ሰው ሂንዲ አንድ ቃል አይሰማም። ቀጥሎ የሚሆነውን ግን ያውቃል።

እናት ካለች ታለቅሳለች፤ መጀመሪያ ላይ በጣም ከሳቀች ደግሞ ልጇ ሊጠፋባት ነው። በሕፃንነታቸው የተለያዩ ወንድማማቾች መገናኘታቸው አይቀርም፣ ሳይተዋወቁ ግን ይደባደባሉ። ክፉው ሰው ሽጉጥ ይዞ፣ ጊዜም ኖሮት፣ መተኮሱን ትቶ ያወራል። ፖሊስ የሚደርሰው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ከሁሉም በላይ አክተር አይሞትም። ይህችን የመጨረሻዋን ሕግ የሀገራችን ልጅ ከቪዲዮ ቤት ይዟት ወጥቶ ለኑሮው አውሏታል፤ ከባጃጅ አደጋ አቧራውን አራግፎ ለተነሳም፣ ተባሮ በሳምንቱ ሌላ ሥራ ላገኘም ትባላለች።

እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ባለ ሲኒማ ላይ እንዴት ይፌዛል የሚለው ነው። ፌዝ የታወቀን ነገር አጋንኖ ማሳየት ከሆነ፣ አስቀድሞ የተጋነነውን ምን ያጋንኑታል? በ1977 በወጣው «አማር አክባር አንቶኒ» ገና የተዋንያኑ ስም እየተጻፈ ሳለ ሦስት ጎልማሶች ጎን ለጎን ተኝተው ደማቸው በቱቦ ወጥቶ፣ አንድ ላይ ተቀላቅሎ፣ በቀጥታ ወደ አንዲት ሴት ክንድ ይገባል። ሦስቱ ወንድማማቾች ናቸው፣ ሴትዮዋ እናታቸው ናት፣ አንዳቸውም ይህን አያውቁም። ዳይሬክተሩ ማንሞሃን ዴሳይ ትዕይንቱን ለፌዝ አልሠራውም፤ ሕዝቡም ፊልሙን ከዓመቱ ብዙ ገቢ ካስገቡት አንዱ አድርጎለታል።

የህንድ ፊልም ሰሪዎች ግን መፌዙን አልተዉትም። በራሳቸው ኢንዱስትሪ ላይ የሚሳለቁ ኮሜዲዎችን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲሠሩ ኖረዋል፣ ይህ ምዕራፍም ስለ እነሱ ነው። (የፊልሞቹ ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አስቀድሜ የማምንበትን ልናገር፦ የህንድ ሲኒማ ከኮከቦቹ ሳሎን ተቀምጦ በራሱ ላይ ሲስቅ ጥርሱ ይዶለዱማል። ከወረፋው ጅራት፣ ትኬት ካጣው ሰው ጎን ቆሞ ሲስቅ ግን ይነክሳል።

ነገሩን ለመረዳት ሕጎቹ ከየት እንደመጡ ትንሽ ማየት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የጥበብ ውጤት አይደሉም፤ የገንዘብና የፍርሃት ውጤት ናቸው። ከቪዲዮ ቤቱ ትውልድ «ሾሌይ»ን የማያውቅ የለም፤ በ1975 ወጥቶ ሙምባይ በሚገኘው ሚነርቫ ሲኒማ አምስት ዓመት የታየ ፊልም ነው። እዚያ አሚታብ ባቻን የሚጫወተው ጃይ ይሞታል፣ ያውም ሕጉ ተጥሶ። ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ዳይሬክተሩ ራሜሽ ሲፒ ደንግጦ መጨረሻውን እንደገና ቀርጾ ጃይን ከሞት ሊያስነሳው አስቦ ነበር። ጥቂት እንጠብቅ ብለው የመከሩት ሰዎች ባይኖሩ አክተሩ አይሞትም ነበር። የፖሊሱም ነገር እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ድርሰት እጆቹ የተቆረጡት ታኩር ሽፍታውን ጋባርን በእግሩ ረግጦ ይገድለዋል። ወቅቱ ኢንድራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጁበት ነበርና ሳንሱሩ ሕግን በእጅ ማስገባት ለሕዝብ አይታይም አለ፤ ስለዚህ ፖሊስ በመጨረሻዋ ደቂቃ ደርሶ ጋባርን ያድነዋል። ቪዲዮ ቤት ውስጥ «አሁን ነው የሚመጡት?» ተብሎ የተሳቀበት ፖሊስ የሳንሱር ቢሮ የላከው ነበር።

ከሾሌይ አራት ዓመት ቀድሞ በ1971 የወጣው «ጉዲ» ለዚህ ዓይነት ፌዝ እንደ አባት ይቆጠራል። ዳይሬክተሩ ሪሺኬሽ ሙከርጂ ረጋ ያለ፣ ጨዋ ቀልድ የሚወድ፣ ከፊልም ቆራጭነት ተነስቶ ዳይሬክተር የሆነ ሰው ነው። ታሪኩ አጭር ነው። ጉዲ የተባለች ተማሪ በተዋናዩ በዳርሜንድራ ፍቅር ከመክነፏ የተነሳ የሚያገባትን ልጅ ዞር ብላ አታይም። አጎቷ የሥነ ልቦና ሊቅ ናቸው፤ ልጅቷን መቆጣቱን ትተው ከራሱ ከዳርሜንድራ ጋር ይመካከሩና ስቱዲዮ ያስገቧታል። ዳርሜንድራ ራሱን ሆኖ ይጫወታል። ልጅቷ ታያለች፤ ዝናቡ የጎማ ውሃ ነው፣ ዱላውን የሚቀምሰው ሌላ ምስኪን ነው፣ አክተሩ ፊቱ ሲቀረጽ ብቻ መጥቶ ያልባል። በፊልም ክፉ ሰው ሆኖ የሚታወቀው ፕራን ሲቀርባት ትርበተበታለች፣ እሱ ግን ደግ ሽማግሌ ነው።

ጉዲ ደስ የሚል ፊልም ነው። ጃያ ባዱሪ፣ በኋላ የአሚታብ ባለቤት የሆነችው፣ በዚህ ፊልም ነው በሂንዲ ሲኒማ ስም ያወጣችው። ግን ልብ ብሎ ላየው የሚፌዘው በማን ላይ ነው? በልጅቷ ላይ። ዳርሜንድራ ከፊልሙ የወጣው ከገባበት የበለጠ ተወዶ ነው፤ የማይኮራ፣ ስለ ብርሃን ሠራተኞች የሚያስብ፣ የሰው ትዳር የሚያስተካክል ሰው ሆኖ። ፊልሙ አስመሳይነትን ሲያጋልጥ ኮከቡን ደግሞ ወርቅ ይቀባዋል። ለኔ እውነተኛው ሰው በጠርዙ ላይ የቆመው ኩንዳን ነው፤ አስራኒ የሚጫወተው፣ አክተር እሆናለሁ ብሎ ከቤቱ ጠፍቶ ቦምቤይ፣ የዛሬዋ ሙምባይ፣ የገባና በግርግሩ ትዕይንት ውስጥ ፊቱ ሳይታይ የሚውል ልጅ። ካሜራው እሱን ጥቂት ቢከተለው ሌላ ፊልም ይወጣው ነበር።

ያን ሌላ ፊልም ለማግኘት ብዙ መጠበቅ ነበረብን። በመካከሉ በ1995 «ራንጊላ» መጣ፤ ዳይሬክተሩ ራም ጎፓል ቫርማ፣ ሙዚቃው የኤ. አር. ራህማን። አሚር ካን ሙና የተባለ የሰፈር ልጅ ሆኖ ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት አየር ባየር ይሸጣል። የኢንዱስትሪው ምጣኔ ሀብት በዚህች አንዲት ገጸ ባሕርይ ውስጥ አለ፦ የፊልሙን ትርፍ ከበሩ ላይ የሚያፍሰው አንዱ ሰው ፊልሙ ውስጥ ቦታ የለውም። ጎረቤቱ ልጅ ግን ዳንሰኛ ናት፣ ኮከብ ልትሆን ነው። ስቲቨን ካፑር የሚባል፣ ከሆሊዉድ ዳይሬክተሮች ስም በቀር አፉ ሌላ የማያወጣ ዳይሬክተር አለ። ፕሮዲውሰሩም አለ፤ ዋናዋ ተዋናይትና እናቷ በሱ ሒሳብ ሆቴል ውስጥ ሲያዝዙ እያየ የሚቃጠል። የሚያስቀው ሁሉ እውነት ስለሆነ ነው።

ፕሮዲውሰር በነዚህ ፊልሞች ውስጥ ለምን ሁልጊዜ ወይ ምስኪን ወይ ወንበዴ ይሆናል? መልሱ ባንክ ቤት ነው። የህንድ መንግሥት ለሲኒማ የኢንዱስትሪነት ማዕረግ የሰጠው በ1998 ነው። ከዚያ በፊት ፊልም ልሠራ ነው ብሎ ባንክ የሄደ ሰው ብድር አያገኝም ነበር። በዓለም ላይ ብዙ ፊልም ከሚሠሩ አገሮች ግንባር ቀደሙ የሚሠራው ከዘመድ በተለቀመ፣ ከአከፋፋይ በተወሰደ ቅድሚያ ክፍያ፣ ከአራጣ አበዳሪና ከዚያም ከባሰው በመጣ ገንዘብ ነበር። የባሰው ማለት የቦምቤይ ማፍያ ነው። በ1997 የካሴት ነጋዴውና ፕሮዲውሰሩ ጉልሻን ኩማር በጠራራ ፀሐይ በጥይት ተገደለ። በ2000 የሪቲክ ሮሻን አባት ራኬሽ ሮሻን፣ የልጁ የመጀመሪያ ፊልም በወጣ ሰሞን፣ ተተኩሶበት ተረፈ። ይህን የሚያውቅ ሰው በስክሪን ላይ ሲጋራ እያጨሰ ስቱዲዮ የሚያቃጥል ፕሮዲውሰር ሲያይ ማጋነን አይመስለውም።

ስቱዲዮ የሚያቃጥለው ፕሮዲውሰር የ«ኦም ሻንቲ ኦም» ነው። በ2007 የወጣው ይህ የፋራህ ካን ፊልም ሳይታይ ስለዚህ ርዕስ ማውራት አይቻልም። ሻሩክ ካን በ1970ዎቹ ከተዋንያን ጀርባ የሚቆም ተራ ሰው፣ ኦም የተባለ፣ ሆኖ ይጀምራል፤ አዲሷ ዲፒካ ፓዱኮኔ የምትጫወታትን ኮከብ ያፈቅራል፤ ከእሳት ሊያወጣት ሲል ይሞታል። ግን አክተር ነውና እንደገና ይወለዳል፣ ያውም በታዋቂ ተዋናይ ቤት። ሠላሳ ዓመት አልፎ ባለ ማዕረግ ልጅ፣ ሰነፍና ጉረኛ ሆኖ እናገኘዋለን። ፋራህ ካን እዚህ ጋ ያሳየችው ጭካኔ ይጣፍጣል። በሽልማት ምሽት ላይ ኦም ለሁለት ፊልሞች ይታጫል፣ የሁለቱም ቅንጭብ ይታያል፤ ፊልሞቹ አንድ ናቸው። ያው ተራራ፣ ያው ሹራብ፣ ያው ንግግር። ሻሩክ ካን አሥር ዓመት የኖረበትን ሚና በአንድ ደቂቃ ውስጥ ራሱ ጉድጓድ ይከተዋል።

ሌላው ቀልድ ግን ዋጋ አስከፍሏል። ኦምና ጓደኛው ወደ አንድ ታላቅ የፊልም ምረቃ ለመግባት የተዋናዩን የማኖጅ ኩማርን መግቢያ ወረቀት ሰርቀው፣ እሱ በፊልሞቹ እንደሚያደርገው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ያልፋሉ። ትክክለኛው ማኖጅ ኩማር ሲመጣ ዘበኞቹ ይደበድቡታል። ማኖጅ ኩማር በሕይወት ነበሩ፣ አልሳቁም፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ትዕይንቱም እንዲቆረጥ ተጠየቀ። ልብ በሉ፣ በዚያው ፊልም አንድ ዘፈን ላይ ከሠላሳ በላይ ታዋቂ ተዋንያን እየገቡ ከሻሩክ ጋር ጨፍረው ወጥተዋል። የተጋበዘ ይጨፍራል፣ ያልተጋበዘ ይከሳል። ከላይ ሆኖ የሚፌዝ ፌዝ ልኩ ይህ ነው፤ ሁሉም ሰው አስቀድሞ ፈቃዱን የሰጠበት ስድብ።

ቢሆንም የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ፊልሙን ያድኑታል። የተዋንያኑና የሠራተኞቹ ስም በጽሑፍ ብቻ አይወርድም። ቀይ ምንጣፍ ተዘርግቶ ሁሉም በአካል ይመጣሉ፤ ብርሃን የሚሸከመው፣ ልብስ የሚሰፋው፣ ሻይ የሚያመላልሰው ልጅ ሁሉ እንደ ኮከብ እየተጨበጨበለት ያልፋል። ፋራህ ካን ራሷ የምትደርሰው ሁሉም ሄዶ ምንጣፉ ሲጠቀለል ነው፣ ያውም በባጃጅ። ሀዋሳ ላይ ይህን ትዕይንት ያየ ሰው የባጃጁን ቀልድ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዞያ አክታር «ላክ ባይ ቻንስ»ን ሠራች። የሾሌይን ድርሰት ከጻፉት ሁለት ሰዎች የአንዱ፣ የጃቬድ አክታር፣ ልጅ ናት፤ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ወንድሟ ፋርሃን ነው። በዘመድ የተሞላ ኢንዱስትሪ ላይ የሚሳለቅ ፊልም በቤተሰብ ተሠራ ማለት ነው፤ ያም ሆኖ ከሂንዲዎቹ ሁሉ ስለታሙ ይህ ይመስለኛል። ቪክራም ወደ ሙምባይ መጥቶ በብልጠት፣ በማሞካሸትና በዕድል አክተር ይሆናል። አብራው ስትንከራተት የነበረችው ሶና ተሰጥኦ አላት፣ ግን አይሳካላትም፤ በቴሌቪዥን ድራማ ኑሮዋን ትመራለች። ፊልሙ አያለቅስላትም፣ ደመወዝ አላት ይላል። ሪቲክ ሮሻን ኮከብ ሆኖ በመኪናው መስታወት ለመንገድ ልጆች ፊቱን እያጣመመ የሚያጫውትበት አጭር ትዕይንት አለ፤ ልጆቹ ይስቃሉ፣ መስታወቱ አይወርድም። የመክፈቻው ዘፈን ደግሞ ፖስተር ቀቢውን፣ የሲኒማ ቤት ጠራጊውን፣ በጀርባ ክንፍ አስሮ የቆመውን ደሀ ተዋናይ እያሳየ ያልፋል። ዞያ የወረፋው ጅራት የት እንዳለ ታውቃለች፤ ካሜራዋ ግን ከዘፈኑ በኋላ ወደ ሳሎን ይመለሳል።

ቦሊዉድ፣ ማለትም የሙምባዩ የሂንዲ ሲኒማ፣ ህንድ ማለት አለመሆኑን እዚህ ላይ ማንሳት ግድ ነው። በደቡብ በኩል በታሚል፣ በቴሉጉ፣ በማላያላም ቋንቋ የሚሠራው ፊልም የራሱ ነገሥታት አሉት። ታሚል ናዱ ውስጥ አዲስ የራጂኒካንት ፊልም ሲወጣ አድናቂዎች በተዋናዩ ግዙፍ ምስል ላይ ወተት ያፈሳሉ፤ ለጣዖት የሚደረግ ሥርዓት ነው። እንዲህ በሚመለክበት አገር መፌዝ ድፍረት ይጠይቃል። በ2010 ሲ. ኤስ. አሙዳን የተባለ ጀማሪ ዳይሬክተር ደፈረ። «ታሚዝ ፓዳም»፣ ማለትም የታሚል ፊልም፣ ብሎ ሰየመው፤ ቁም ነገር የሚባል አንድም ደቂቃ የለውም። ሕፃኑ አክተር የመሆን ዕድሉን ለማግኘት ወደ ቼናይ ይላካል፤ ቶሎ ማደግ ሲያምረው የብስክሌት ፔዳል ያዞራል፣ ካሜራው ከእግሩ ወደ ፊቱ ሲወጣ ጎልማሳ ሆኗል። የህንድ ፊልም ሕፃኑን እየሮጠ አዋቂ የሚያደርግበትን ዘዴ ቪዲዮ ቤት ውስጥ መቶ ጊዜ አይተነዋል፤ አሙዳን ያደረገው ልጁ ራሱ ዘዴውን እንዲያውቀው ብቻ ነው። በጣም ስለተወደደ የቴሉጉ ሰዎችም የራሳቸውን አደረጉት።

ከደቡቦቹ የኔ ምርጫ ግን የማላያላሙ «ኡዳያናኑ ታራም» ነው (2005)። ሞሃንላል ዓመታት የደከመበትን ድርሰት ጓደኛው የሚሰርቀው ረዳት ዳይሬክተር ይሆናል። ሌባው በዚያ ድርሰት ኮከብ ሆኖ ስሙን ይቀይራል፣ ጥቁር መነጽር ያደርጋል፣ ሰው መናቅ ይጀምራል። ድርሰቱን የጻፈው ስሪኒቫሳን ራሱ ሌባውን ይጫወታል፤ ከራስ በላይ የሚፌዝበት ሰው ከየት ይገኛል? መጨረሻ ላይ ባለ ድርሰቱ ካሜራ ደብቆ፣ ኮከቡ ሳያውቅ፣ ከኮከቡ ኑሮ ፊልም ይሠራል። ድንቅ ሐሳብ ነው፤ ችግሩ ከሱ ስድስት ዓመት ቀድሞ በወጣው «ቦውፊንገር» በሚባል የሆሊዉድ ኮሜዲ ውስጥም መኖሩ ነው። ስለ ድርሰት ስርቆት በሚያወራ ፊልም ላይ ከዚህ የበለጠ ቀልድ ማንም አልጨመረም።

አሁን ወደ ወረፋው ጅራት እንውረድ። በ2014 ለሕዝብ የቀረበው «ፊልሚስታን» ሱኒ የሚባል፣ አክተር መሆን ቢያምረውም ማንም የማይቀጥረው፣ ወፈር ያለ ልጅ ታሪክ ነው። ለአሜሪካኖች ሥራ ሊያግዝ ወደ ድንበር ይሄዳል፤ ታጣቂዎች አሜሪካኖቹን መስሏቸው እሱን ይጠልፉትና ፓኪስታን ውስጥ አንድ መንደር ያስቀምጡታል። የመንደሩ ሰው ግን የህንድ ፊልም ሲያይ ነው የሚውለው። የታሰረበት ቤት ልጅ የተቀዳ ሲዲ እያሻገረ የሚቸረችር ነጋዴ ነው። አንድ ማታ መንደሩ ተሰብስቦ ፊልም ሲያይ ድምፁ ይጠፋል። እስረኛው ይነሳል፤ የወንዱንም፣ የሴቷንም፣ የአባትየውንም ንግግር በቃሉ እየተወነ ይሞላላቸዋል። ጠላፊዎቹም ሳይቀሩ ያያሉ። ኢንዱስትሪው ስሙን እንኳ የማያውቀው ሰው ኢንዱስትሪውን ሙሉ በሙሉ በአፉ ይዞት ኖሯል።

ይህ ትዕይንት ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ትርጉም ፊልም የምንለው ምን ሆነና ነው? አንድ ሰው ማይክሮፎን ይይዝና ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርካል፣ የሁሉንም ድምፅ ይሆናል። ካና ቴሌቪዥን በ2016 ሥራ ሲጀምር ያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱ ተዋናይ፣ ከከንፈር ጋር የሚገጥም ድምፅ አለ፣ ቀልድ አይጨመርም። የትርጉም ፊልም ተራኪ ግን ሁሉን ቻይ ነው። ሃይደራባድ ላይ የሚደባደበውን አክተር እንደ መርካቶ ጎረምሳ ያናግረዋል፣ ክፉውን ሰው በሰፈራችን ስድብ ይሰድበዋል፣ ሰባት ሰው በአንድ እግር ምት ሲበተን «አይ እንግዲህ!» ብሎ ከኛ ጋር ይደነቃል። ኬንያ ውስጥ ዲጄ አፍሮ፣ ኡጋንዳ ውስጥ ቪጄ የሚባሉት ተራኪዎች የሚሠሩትም ይህንኑ ነው።

እኔ ይህን ከትርጉምነት በላይ አየዋለሁ። ተራኪው ፊልሙ ውስጥ ገብቶ ፊልሙ ላይ እየፌዘ ነው፤ ታሚዝ ፓዳም በካሜራ ያደረገውን እሱ በምላሱ ያደርገዋል። ተመልካቹም ሁለት ፊልም ባንድ ዋጋ ያያል፤ አንዱ የሚያስለቅሰው፣ አንዱ በማልቀሱ የሚስቅበት። ቀልዱ የሚሠራው ደግሞ ተመልካቹ ሕጉን ስለሚያውቅ ብቻ ነው። የህንድ ፊልም አይቶ ለማያውቅ ሰው የተራኪው ፌዝ ጩኸት ነው። ለፌዝ የሚያስፈልገው ዋና ካፒታል፣ ሕጉን በቃሉ የያዘ ተመልካች፣ ከሙምባይ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ እዚህ በነጻ ተከማችቷል።

ይህን ካፒታል እስከ መጨረሻው የተጠቀመበት ከተማ ማሌጋዎን ይባላል። ከሙምባይ ወደ 280 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ሀዋሳ ከአዲስ አበባ የምትርቀውን ያህል ማለት ነው። የጨርቅ ከተማ ናት። ነዋሪዋ ብዙው ሙስሊም ሲሆን ሌትና ቀን በሚንቋቋ የሽመና ማሽን ላይ ይውላል፣ ዓርብ ያርፋል፣ ዓርብ ሲኒማ ይገባል። ሼክ ናሲር እዚያ ቪዲዮ ቤት ነበረው። የሰው ፊልም ሲያሳይ ኖሮ አንድ ቀን የራሴን ልሥራ አለና ሾሌይን ሠራ፤ «የማሌጋዎን ሾሌይ» ይባላል። ፈረስ ስለሌለ የጋባር ሽፍቶች በብስክሌት መጡ። ተዋንያኑ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፣ ቋንቋው የሰፈሩ ነው። ፊልሙን ያሳየውም በራሱ ቪዲዮ ቤት ሲሆን ሕዝቡ ጎረፈ።

ቀጥሎ ናሲር ሱፐርማንን ማሌጋዎን ሊያወርደው ፈለገ። ፋይዛ አህመድ ካን የተባለች ዳይሬክተር ካሜራ ይዛ ሥራውን ተከታተለችና በ2008 «የማሌጋዎን ሱፐርማኖች» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም አወጣች። ስለ ህንድ ሲኒማ ከተሠሩት አስቂኝ ፊልሞች አንዱን ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው፣ ያውም አንድም ትዕይንቱ ድርሰት አይደለም። ሱፐርማኑ ሻፊቅ ነው፤ ቀጭን፣ ዓይን አፋር የሽመና ሠራተኛ፣ ለቀረጻ ከሥራው ፈቃድ የሚለምን። ክፉው ሰው ዓለምን ቆሻሻ ማድረግ የሚፈልግ ትምባሆ ተፊ ነው፤ ሱፐርማኑ ደግሞ ከከተማው አቧራ የተነሳ አስም አለበት። ለመብረር አረንጓዴ ጨርቅ በጭነት መኪና ጎን ይወጠራል። ቀረጻው መሀል ያለቻቸው አንዲት ካሜራ ውሃ ውስጥ ትወድቃለች። ሻፊቅ በዚሁ መሀል ያገባል፣ ሙሽራው ይመለሳል፣ ይበራል። ሰውየው በኋላ በወጣትነቱ በአፍ ካንሰር ሞቷል።

እነዚህ ሰዎች በቦሊዉድ ላይ ሲፌዙ ከማንም ፈቃድ አልጠየቁም፣ ማንም ኮከብ መጥቶ አልጨፈረላቸውም፣ ፌዙም ለዚህ ነው የሚነክሰው። ብስክሌት ላይ የተቀመጠው ጋባር ስለ ገንዘብ የሚነግረን ነገር አለ፤ በፈረሱና በብስክሌቱ መካከል ያለው ልዩነት በሙምባይና በማሌጋዎን መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሕዝቡ የሚስቀው በሾሌይ ላይም በራሱ ድህነት ላይም ነው፣ ሁለቱን ለይቶ ማውጣት አይቻልም።

ቦሊዉድም ይህን አይቶ ዝም አላለም። በ2024 በቶሮንቶ ፌስቲቫል የታየው «የማሌጋዎን ሱፐርቦይስ» የናሲርን ታሪክ በባለሙያ ተዋንያን፣ በጥሩ ካሜራ ይተርካል። ዳይሬክተሯ ሪማ ካግቲ ስትሆን ከፕሮዲውሰሮቹ መካከል ዞያና ፋርሃን አክታር አሉበት፤ የላክ ባይ ቻንሶቹ እህትና ወንድም። ጥሩ ፊልም ነው፣ ያስለቅሳልም። ብቻ ከሳሎን ወጥተው ወደ ወረፋው ጅራት ለመድረስ አሥራ አምስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ ሲደርሱም ብስክሌቱ በጀት ተመድቦለት ነው።

ታቦር ግርጌ ሆኜ ማሌጋዎንን ሳስብ የሚገርመኝ መመሳሰላችን ነው። ሀዋሳም የጨርቅ ከተማ ናት፤ በ2016 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ስፌት ላይ አስቀምጧል፣ ከገቡት ኩባንያዎች አንዱም የህንዱ የሬይመንድ ቅርንጫፍ ነው። ካሜራ ዛሬ በየሰዉ ኪስ አለ፣ የናሲር ካሜራ ከነበረው ጥራትም ይበልጣል። አረንጓዴ ጨርቅ ፋብሪካው በር ላይ ይገኛል፣ ባጃጅ ከፈረስ የተሻለ ያስቃል፣ ሐይቁ ላይ ጀልባ አለ። ሾሌይን ከነንግግሩ የሚያውቅ ጎልማሳ በየካፌው ተቀምጧል፤ በአንድ ማይክሮፎን ሰባት ሰው የሚሆን ተራኪም አልጠፋም። የሌለው ናሲር ነው፤ ሠርቶ በዚያው ሳምንት የሚያሳይበት ክፍል ያለው፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን በስም የሚያውቅ፣ ባይሳቅ ኪሳራው የራሱ የሆነ ባለ ቪዲዮ ቤት። ቪዲዮ ቤቶቹን መጀመሪያ ተማሪ ያበላሻሉ ተብሎ ፖሊስ ሲያሳድዳቸው ኖረ፣ የተረፉትን ደግሞ ስልኩ ዘጋቸው። አሁን ሁሉም የህንድ ፊልሙን በጆሮ ማዳመጫ ብቻውን ያያል፣ ተራኪው ሲቀልድም ብቻውን ይስቃል።